«የሴሮቶኒን ተቀባይሽ ደካማ ነው» አለኝ የዘረመል ሪፖርቱ፣ ልመነው?

ማለዳ_ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በምራቅ የሚሠራ የዘረመል ምርመራ አድርጌ ነበር። መጀመሪያ የፈለግኩት የዘር ሐረጌን ለማወቅ ብቻ ነው። ከዚያ ጥሬ ፋይሉን አውርጄ ፋይል የሚተነትን ሌላ ድረ ገጽ ላይ ጫንኩትና ያልጠበቅኩትን ሪፖርት ይዞልኝ መጣ። «ኤችቲአር2ኤ» የሚባል ጂን ላይ ሁለት የስጋት ልዩነቶች አሉብሽ ይላል፣ አርኤስ6311 እና አርኤስ6313። ሁለቱም በቀይ ተጽፈዋል። ከሥር ደግሞ «የሴሮቶኒን ተቀባይሽ ደካማ ስለሆነ ለድባቴ ተጋላጭ ነሽ፣ የተለመዱት ፀረ ድባቴ መድኃኒቶችም ላይሠሩልሽ ይችላሉ» ብሎ ጨርሶታል።

ለጉጉት ብቻ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ግን እናቴ በድባቴ ብዙ ዓመት ተሰቃይታለች፣ ለኔም በቅርቡ ሐኪም ሲታሎፕራም የሚባል ፀረ ድባቴ መድኃኒት አዞልኛል፣ ገና አልጀመርኩትም። አሁን ይሄን ካነበብኩ በኋላ የማይሠራልኝን ነገር ለምን እውጣለሁ የሚል ሐሳብ ገብቶብኛል።

ሌላ ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። ፋይሌ ላይ 6311 ጎን «ሲቲ» ይላል። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ግን ስለዚህ ቦታ ሲያወሩ «ኤ» ወይም «ጂ» ነው የሚሉት፣ ሲም ቲም የሚል የለም። ፋይሉ ተሳስቷል ማለት ነው? ደግሞስ ይሄ ነገር ከእናቴ የወረስኩት ነው? ወንድሜንም ላስመርምረው?

የሚያውቅ ሰው በቀላል አማርኛ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ፒፔት_ያዥ

ሰላም። ሞለኪውላዊ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሐኪም ግን አይደለሁም፣ የመድኃኒቱን ነገር ለሚያውቁት እተወዋለሁ። ዓመት ስጠቅስ ሁሉንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ፋይልሽ አልተሳሳተም። ዲኤንኤ ሁለት ክር ነው፣ ኤ ሁልጊዜ ከቲ ጋር፣ ሲ ከጂ ጋር ይገጥማል። ኤችቲአር2ኤ 13ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው፣ ግን የሚነበበው ከተቃራኒው ክር ነው። ተመራማሪዎች ጂኑ በሚነበብበት አቅጣጫ ይጽፉታል፣ ብዙዎቹ የምርመራ ድርጅቶች ደግሞ ለሁሉም ጂን አንዱን መደበኛ ክር ብቻ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ «ኤ» የተባለው አንቺ ጋ «ቲ» ነው፣ «ጂ» የተባለው «ሲ» ነው። ሲቲ ነሽ ማለት በነሱ አጻጻፍ ኤጂ ነሽ ማለት ነው። አንዱን ከእናትሽ አንዱን ከአባትሽ አግኝተሻል፣ የትኛው ከማን እንደሆነ ግን ካንቺ ፋይል ብቻ አይታወቅም። እና ይሄን ስትሰሚ ትንሽ ይቅለልሽ፦ ሁለቱም ፊደላት በብዙ የዓለም ሕዝቦች ውስጥ በጣም የተለመዱ ስለሆኑ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሰው ልክ እንዳንቺ ሲቲ ነው። ግማሽ ሰው የያዘውን ነገር በቀይ ቀለም መጻፍ ምን ይባላል?

አሁን ወደሚያናድደው ክፍል። «ሁለት የስጋት ልዩነቶች» ያለሽ ነገር ሁለት አይደለም። 6311 ያለው ከጂኑ ፊት፣ ጂኑ ምን ያህል ይነበብ የሚለውን ከሚቆጣጠረው አካባቢ ነው። 6313 ደግሞ ጂኑ ውስጥ፣ ፕሮቲኑን ከሚጽፈው ክፍል 102ኛው ፊደል ላይ ነው። ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፉት ተጣብቀው ነው፣ አንዱን ካየሽ ሌላውን ሳታዪ ትገምቺዋለሽ፣ ግምትሽም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ልክ ይሆናል። ሪፖርቱ ያደረገው አንድን ምስክር ሁለት ጊዜ አስገብቶ «ሁለት ምስክር አለኝ» እንደማለት ነው። እነዚህ ድረ ገጾች ይሄን የሚያደርጉት በሴሮቶኒን ጂን ላይ ብቻም አይደለም።

«ደካማ ተቀባይ» የሚለውስ ከየት መጣ? ተቀባዩ 471 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ የነርቭ ሴሉን ሽፋን ሰባት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጎ የሚያልፍ ፕሮቲን ነው። ሴሮቶኒን፣ ማለትም ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል፣ ከውጭ ሲይዘው ወደ ውስጥ ምልክት ይልካል። 6313 ይሄን ፕሮቲን ጭራሽ አይነካውም። ፊደሉ ሲም ሆነ ቲ፣ በ34ኛው ቦታ የሚቀመጠው ያው ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ያንቺ ተቀባይና የኔ ተቀባይ ልዩነት የላቸውም። 6311 ላይ ትንሽ የሚያስኬድ ሐሳብ አለ፣ ምክንያቱም በአንደኛው ፊደል ጊዜ ዲኤንኤው ላይ ሜቲል የሚባል ኬሚካላዊ ምልክት ሊለጠፍበት የሚችል ቦታ ይፈጠራል፣ በሌላኛው ጊዜ ቦታው ይጠፋል። ይሄ የጂኑን ንባብ ሊያበዛ ወይም ሊያሳንስ ይችላል ተብሎ ብዙ ተሞክሯል። ውጤቱ ግን አንዱ ጥናት ጨመረ ሲል ሌላው ለውጥ የለም የሚል ነው የሆነው። ከዚህ ተነስቶ ስላንድ ሰው ስሜት መናገር... በቃ አይሆንም።

እስኪ_ማስረጃ

ፒፔት በጨዋ ቋንቋ ያለውን እኔ ባጭሩ ልበለው። ሪፖርቱን ሰርዢው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ የዘረመል ምርመራ ውድ ስለነበር ተመራማሪ ሁሉ አንድ «ሳይመስል አይቀርም» የሚለውን ጂን ይመርጥና ጥቂት መቶ ሰው ላይ ይፈትሸው ነበር። ፀረ ድባቴ መድኃኒት ሴሮቶኒንን የሚነካ ከሆነ የሴሮቶኒን ጂን መመርመር አለበት፣ ሎጂኩ ይኸው ነው። አንዱ ግንኙነት አገኘሁ ይላል፣ ሁለተኛው አጣሁት ይላል፣ ሦስተኛው በተቃራኒው ፊደል አገኘሁት ይላል፣ ሦስቱም ይታተማል።

በ2019 የኮሎራዶ ተመራማሪዎች በድባቴ ዙሪያ በብዛት የተጠኑ 18 ጂኖችን መርጠው፣ ኤችቲአር2ኤም ውስጡ አለ፣ እንደ ትንታኔው ዓይነት ከ62,000 እስከ 443,000 ገደማ በሚደርስ ሰው መረጃ ላይ ፈተሿቸው። ውጤቱስ? እነዚህ ዝነኛ ጂኖች እንደ ቡድን ሲታዩ በዘፈቀደ ከተመረጡ ጂኖች አልተሻሉም። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጻፈበት ነገር! አንቺ የተላከልሽ ሪፖርት ግን እስካሁን በነዚያ ትናንሽ ጥናቶች ነው የሚሠራው፣ ምክንያቱም «ምንም የለብሽም» የሚል ሪፖርት የሚገዛ የለም።

የሴሮቶኒን ጂን ተረት አልቋል አቦ።

ፋርማሲስቷ

እህቴ፣ በመድኃኒቱ በኩል ልግባ፣ እሱ ነው አጣዳፊው።

«ላይሠራልሽ ይችላል» የሚለው ነገር መነሻ ሳይኖረው አልቀረም፣ ግን መነሻው ራሱ ሪፖርትሽ ላይ ያለው ፊደል አይደለም። በ2006 ስታርዲ ከሚባለው ትልቅ የአሜሪካ የድባቴ ሕክምና ጥናት የ1,953 ሰዎች ዲኤንኤ ታይቶ ነበር፣ ሁሉም ሲታሎፕራም የወሰዱ ናቸው። ከ68 ጂኖች 768 ቦታዎች ተፈትሸው ጎልቶ የወጣው እዚሁ ኤችቲአር2ኤ ውስጥ ያለ ቦታ ነው። ስሙ ግን አርኤስ7997012 ነው፣ ያንቺ 6311 አይደለም። በዚያ ቦታ ኤኤ የሆኑ ሰዎች ጂጂ ከሆኑት ይልቅ መድኃኒቱ የሠራላቸው ብዙ ነበሩ፣ ልዩነቱም 18 በመቶ ያህል ነበር። ያኔ ሁላችንም ጓጉተን ነበር፣ አልክድም። በኋላ በተከተሉት ጥናቶች ግን ነገሩ አልጸናም።

ዛሬ የት ደረስን? ዘረመልን አይቶ መድኃኒት እንዴት ይታዘዝ የሚል መመሪያ የሚያወጣ ሲፒክ የሚባል ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን አለ። በ2023 ለፀረ ድባቴ መድኃኒቶች ባወጣው መመሪያ ኤችቲአር2ኤን ለብቻው መርምሮ፣ ማስረጃው ለሕክምና ውሳኔ ለመጠቀም አይበቃም ብሏል። ያው መመሪያ ግን ጠቃሚ ናቸው ያላቸው ጂኖች አሉ፣ ሲዋይፒ2ሲ19 እና ሲዋይፒ2ዲ6 የመሳሰሉት። እነዚህ አንጎል ላይ አይደለም ሥራቸው፣ ጉበት ውስጥ መድኃኒቱን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ነው የሚሠሩት። ሲታሎፕራምን በዋናነት የሚያፈርሰው ሲዋይፒ2ሲ19 ነው። ኢንዛይሙ በጣም ደካማ የሆነበት ሰው ደም ውስጥ መድኃኒቱ ይከማቻል፣ ይሄ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለእንደዚህ ዓይነት ሰው በቀን ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። አየሽ፣ ጂን ስለ ሲታሎፕራም የሚናገረው ነገር አለው፣ የሚናገረው ግን ስለ መጠኑ ነው፣ ያውም ከጉበት።

እና ይሄን ሪፖርት ይዘሽ በራስሽ መድኃኒቱን አትተዪው፣ አትጀምሪውም። ሐኪምሽን ጠይቂ። ስትሄጂ ግን ከሪፖርቱ በላይ የሚጠቅመውን ይዘሽ ሂጂ፦ እናትሽ ምን መድኃኒት ወስዳ ነበር፣ ሠራላት ወይ፣ ምን የጎንዮሽ ጉዳት ነበረው፣ ቤተሰብ ውስጥ ድንገት ከፍ ከፍ የሚል፣ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ገንዘብ የሚበትን ሰው ነበር ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ባይፖላር እንዳይሆን ለማጣራት ነው። ከጀመርሽ ደግሞ ጥቅሙ በሳምንታት ነው የሚታየው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስሜትሽ ከባሰ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ለሐኪምሽ ወዲያው ንገሪ።

አምስተኛው_ንብርብር

እስኪ_ማስረጃ ያልከው የ2019 ጥናት ላይ አልከራከርህም። «ተረቱ አልቋል» ያልከው ላይ ግን እከራከርሃለሁ፣ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ስለጨፈለቅክ። አንደኛው ጥያቄ፣ ብዙ ሰው ጋ ያለው የፊደል ልዩነት ድባቴን ይተነብያል ወይ የሚለው ነው። መልሱ አይተነብይም፣ ተስማምተናል። ሁለተኛው፣ የተቀባዩ ዘረመል ለአንጎል ምንም ትርጉም የለውም ወይ የሚለው ነው። እዚህ ላይ መልሱ ፍጹም ሌላ ነው።

መጀመሪያ ተቀባዩ ራሱ ቀልድ አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ 14 ያህል የሴሮቶኒን ተቀባይ ዓይነቶች አሉ፣ በ7 ቤተሰብ ይመደባሉ። 2ኤ የሚባለው በአንጎል ቅርፊት በተለይ አምስተኛው ንብርብር ያሉ ትልልቅ ፒራሚድ መሰል ነርቮች ላይ በብዛት ይገኛል (የኔን ስም ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባችሁ)። ኤልኤስዲና ሳይሎሳይቢን የተባሉት ቅዠት አምጪ ነገሮች እውነታን የሚያዛቡት በዚሁ በኩል ነው። በ1998 ስዊዘርላንድ ውስጥ ለጤናማ ፈቃደኞች 2ኤን የሚዘጋ ኬታንሰሪን የተባለ መድኃኒት አስቀድሞ ሲሰጣቸው ሳይሎሳይቢኑ የሚያመጣው ቅዠት መሰል ነገር ጠፋ። ክሎዛፒንን የመሰሉ የሳይኮሲስ መድኃኒቶችም ይሄንኑ ተቀባይ አጥብቀው ይዘጉታል። አንድ ፕሮቲን ሲነካ ሰው ግድግዳው ሲተነፍስ ያያል፣ ከዚህ በላይ ምን ትርጉም ይፈለጋል?

ሁለተኛ፣ የተቀባዩ ብዛት በዘር ይወረሳል። ዴንማርክ ውስጥ መንታዎችን በፔት ስካን (የአንጎልን ውስጥ በሚያሳይ ምርመራ) አይተው፣ በ2008 የታተመ ነው፣ ከአንድ እንቁላል የመጡት መንታዎች የ2ኤ ተቀባይ ስርጭታቸው ከሌሎቹ መንታዎች ይልቅ በጣም እንደሚመሳሰል አግኝተዋል። ናሙናው ትንሽ ነው፣ ሳትጽፈው አውቀዋለሁ። ነገር ግን የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው፦ ብዛቱ በዘር የሚወሰን ከሆነ፣ 6311 እና 6313 ደግሞ ካልወሰኑት፣ ማን ወሰነው? ምናልባት ጂኑን ከሩቅ የሚቆጣጠሩ ብዙ ቦታዎች፣ እያንዳንዳቸው በትንሽ በትንሹ። የድባቴም ነገር እንደዚያው ነው። በመንታ ጥናቶች ሲለካ ከድባቴ ተጋላጭነት ልዩነት ወደ 37 በመቶ የሚሆነው ከዘር የሚመጣ ነው ይባላል፣ በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ በመላው ጂኖም 102 ቦታዎችን አግኝቷል፣ አንዱም ቢሆን ለብቻው ብዙ የሚናገር አይደለም። ማለዳ፣ የእናትሽ ታሪክ ከሪፖርትሽ የበለጠ መረጃ የሚሰጠው ለዚህ ነው፣ እነዚያን ሁሉ ትናንሽ ነገሮች አንድ ላይ ይዟል።

ሦስተኛ፣ ስለ 2ኤ ብቻ ስናወራ የአጎቱን ልጅ ረሳነው። 2ሲ የሚባለው ተቀባይ፣ ጂኑ ኤችቲአር2ሲ፣ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። ይሄ ጂን ሲበላሽ የሚሆነው ነገር በግልጽ ይታያል። በ1995 ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች ከልክ በላይ ሲበሉና ሲወፍሩ፣ የሚጥል በሽታም ሲይዛቸው ታየ። በ2022 ደግሞ በእንግሊዝ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን ከባድ ውፍረት ያለባቸውን 2,548 ሰዎች መርምሮ በ19ኙ ላይ 13 ብርቅዬ የ2ሲ ለውጦች አገኘ፣ አብዛኞቹ ለውጦች የተቀባዩን ሥራ የሚያዳክሙ ነበሩ። ከውፍረቱ ጋር የማይጠግብ ረሃብና የባህርይ ችግርም ነበር። «ደካማ ተቀባይ» የሚለው ቃል ትርጉም ያለው እዚህ ነው። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ እያንዳንዳቸው ብርቅ የሆኑና ፕሮቲኑን ራሱን የሚቀይሩ ለውጦች ናቸው፣ ግማሽ ሰው የያዛቸው ፊደሎች አይደሉም።

አራተኛውና እኔ በጣም የምወደው። 2ሲ ጂን ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ከተገለበጠ በኋላ አንጎል ውስጥ ያሉ አዳር የሚባሉ ኢንዛይሞች አርኤንኤውን ያርሙታል፣ አምስት ቦታ ላይ ኤ የነበረውን ፊደል ወደ ሌላ ይቀይሩታል። ይሄ በ1997 ነው የተገኘው። እርማቱ ተቀባዩ ከውስጥ በኩል ምልክት የሚያስተላልፍበት ሦስት አሚኖ አሲዶች ላይ ይወድቃል። እንደ እርማቱ ዓይነት ከአንድ ጂን እስከ 24 የተለያዩ ተቀባዮች ሊወጡ ይችላሉ። ምንም ያልታረመው ሴሮቶኒን ባይነካውም እንኳ ለብቻው ምልክት ሲልክ ይውላል፣ ሙሉ በሙሉ የታረመው ግን ዝምተኛ ነው። ይሄ ሁሉ የሚሆነው አንጎል ውስጥ፣ አርኤንኤ ላይ ነው። በምራቅ የሚታይ ዲኤንኤ ስለዚህ አንድ ነገር አይነግርሽም።

እስኪ_ማስረጃ

እሺ፣ የአርኤንኤውን ነገር ወድጄዋለሁ። የመንታውን ናሙና ራስህ ስላነሳኸው አልመለስበትም።

ግን እስኪ ይሄን መልስልኝ፦ ፕሮቲኑን የሚቀይር ሆኖ ብዙ ሰው ጋ ያለ የ2ኤ ልዩነትም አለ አይደል? 452ኛው ቦታ ላይ ሂስቲዲን ወደ ታይሮሲን የሚቀየርበት፣ አርኤስ6314። በ2003 ታይሮሲን ያለባቸው ሰዎች የማስታወስ ችሎታቸው ያንሳል ተብሎ ትልቅ ጆርናል ላይ ወጥቶ ነበር። አንተ ካልከው አንጻር ይሄኛው ጠንካራ መሆን ነበረበት፣ ፕሮቲን ስለሚነካ። ታዲያ በብዙ መቶ ሺህ ሰው ጥናት ላይ የማስታወስ ወይም የድባቴ ጂን ተብሎ ለምን አይታወቅም?

አምስተኛው_ንብርብር

ጥሩ ጥያቄ ነው። 452ኛው ያለው ተቀባዩ ወደ ሴሉ ውስጥ በሚያንጠለጥለው ጭራ ላይ ነው፣ ሴሮቶኒን የሚገባበት ጉድጓድ ጋ አይደለም። ሴል ላይ ሲሞከር ታይሮሲን ያለው ተቀባይ የሚልከው የካልሲየም ምልክት በመጠኑ ያንሳል፣ ይሄ ከደም ፕሌትሌትም ታይቷል፣ ምክንያቱም 2ኤ ፕሌትሌት ላይም አለ። ከሴል እስከ ባህርይ ግን ብዙ ማካካሻ አለ። ምልክቱ ሲያንስ ሴሉ ተቀባይ ሊጨምር ይችላል፣ ሌሎቹ 13 ዓይነቶችም ሥራቸውን አያቆሙም። ሳህን ላይ የሚታይ ልዩነት ሰው ላይ ላይታይ ይችላል፣ ይሄ ሳህኑ ዋሸ ማለት አይደለም። እኔ 452ኛውን የምፈልገው ለስሜት ትንበያ ሳይሆን ተቀባዩ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ነው። አንተ የትንበያ ሰው ነህ፣ እኔ የአሠራር ሰው ነኝ፣ ልዩነታችን እዚያ ይመስለኛል።

ማለዳ_ሰው

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ፋርማሲስቷ፣ ከሐኪሜ ጋር በስልክ ተነጋግሬያለሁ፣ ስለ እናቴ መድኃኒት የጠየቀኝ ልክ ያልሽውን ነው፣ ነገ እጀምራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያላችሁትን ካነበብኩ በኋላ ፋይሌን ራሴ ፈለግኩበት (አዎ፣ አላርፍም)። ኤችቲአር1ኤ የሚባለው ላይ አርኤስ6295 «ጂጂ» ይላል፣ አንድ ጽሑፍ ደግሞ ጂ መጥፎው ነው ይላል። የክሩን ነገር ስለነገራችሁኝ ገልብጬ ላየው ስል ጂ ሲገለበጥ ሲ ይሆናል፣ ሲም ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ያለ ሌላኛው ፊደል ነው። የትኛው ነኝ? 2ሲ ላይ ደግሞ አርኤስ6318 «ሲጂ» ይላል። እዚያው 2ሲ ላይ ሌላ ስም የሌለው ነገር «በጣም ብርቅዬ» ተብሎ በቀይ ወጥቷል፣ የውፍረቱን ነገር ካነበብኩ በኋላ እሱም አስደንግጦኛል። እኔ ግን ቀጭን ነኝ።

ፒፔት_ያዥ

አላርፍም ስትይ አምኜሻለሁ።

6295 ላይ የገባሽበት ወጥመድ ባለሙያዎችም የሚወድቁበት ነው። ፊደሎቹ ሲ እና ጂ ስለሆኑና እርስ በርሳቸው ስለሚገጥሙ፣ ገልብጠሽም ሳትገለብጪም ያው ሁለት ፊደል ነው የምታዪው። 6311 ላይ ሲ ወይም ቲ ስታዪ ክሩ እንደተገለበጠ ወዲያው ያስታውቃል፣ እዚህ ግን በማየት ብቻ አይለይም። ድርጅቱ በየትኛው ክር እንደሚጽፍና በየትኛው የጂኖም እትም እንደሚሠራ ፋይሉ አናት ላይ ካሉት መስመሮች ፈልጊ፣ ከዚያ ጽሑፉ የትኛውን ክር እንደተጠቀመ አረጋግጪ። ሁለቱን ሳታውቂ ጂጂሽ ጥሩው ይሁን መጥፎው መናገር አይቻልም። ፋርማሲስቷ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚሠራው ያለችው ነገር ከ1ኤ ጋር ይያያዛል፣ ምክንያቱም ይሄ ተቀባይ ሴሮቶኒን የሚያመርቱት ነርቮች ራሳቸው ላይ ተቀምጦ ምርቱን ይገታል፣ መድኃኒቱ ሲጀመርም እስኪላላ ጊዜ ይወስዳል የሚል የቆየ ማብራሪያ አለ። 6295 ይሄን ግታት ያጠነክራል ተብሎ በ2003 አካባቢ ብዙ ተጽፎ ነበር፣ ግን 1ኤም እስኪ_ማስረጃ ከጠቀሳቸው 18 ጂኖች አንዱ ነው።

6318 ላይ ሲጂ ስለሆንሽ የክሩ ጣጣ የለብሽም፣ ቢገለበጥም ያው ሲጂ ነው። በ23ኛው ቦታ ከሁለቱ ኤክስ በአንዱ ሲስቲን፣ በሌላው ሴሪን አለሽ ማለት ነው። ብዙ ሰው ጋ ያለ ነገር ነው፣ በተቀባዩ ላይ ያለው ውጤትም ላብራቶሪ ከላብራቶሪ አልተስማማበትም።

«በጣም ብርቅዬ» የተባለውን ግን አሁኑኑ ከራስሽ አውጪው። በርካሽ የሚሠራው ምርመራ ጂኑን ሙሉ አያነብም፣ ቺፕ ላይ አስቀድመው የተመረጡ ቦታዎችን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ለተለመደ ልዩነት በጣም አስተማማኝ ነው፣ ለብርቅዬ ግን አይደለም። በ2021 የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንግሊዙ ባዮባንክ (የብዙ ሰው የጤናና የዘረመል መረጃ ክምችት) መረጃ አነጻጽረው፣ ከ100,000 ሰው ከአንድ በታች ላይ የሚገኝ ለውጥ ቺፑ «አለ» ሲል 84 በመቶ የሚሆነው ሐሰት ሆኖ አገኙት፣ ዲኤንኤው በቀጥታ ሲነበብ ለውጡ የለም። አንቺ ደግሞ በልጅነትሽ የጀመረ ከባድ ውፍረትም የማይጠግብ ረሃብም የለብሽም፣ ስለዚህ የሚያሳስብ ምክንያት አላይም። ምልክት ያለበት ሰው ቢሆን ኖሮ በሕክምና ላብራቶሪ ያንን ጂን በትክክል ማስነበብ ነው የሚያስፈልገው።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ 2ኤንና 1ኤን ተዪው፣ መርምሮ የሚያገኘው ጥቅም የለም። 2ሲ ኤክስ ላይ ስለሆነ እሱ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከእናታችሁ ነው የመጣው፣ የአባታችሁ ኤክስ ላንቺ እንጂ ለሱ አልደረሰም። ስለዚህ ቺፑ ያወጣው ብርቅዬ ነገር በሆነ ተአምር እውነት ቢሆን እንኳ፣ ከአባትሽ የመጣ ከሆነ ወንድምሽ ጋ ጭራሽ አይኖርም፣ ከእናትሽ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ነው።